የመብረቅ ኮቴ

የልጁን ጉልበት እጥፍ አድርጋ ቅልጥሙን ወደ ራሷ ስትስበው፣ አጥንቱ ያለ ከልካይ ተንሸራቶ ይመጣል። ጤነኛ ጅማት እዚህ ላይ ገታ ያደርገው ነበር። ደግማ ትሞክራለች፤ ያው ነው። ምናልባት እጄ ይሆናል ብላ ሌላኛውን ጉልበት ትስባለች። እሱማ ቀጥ አድርጎ ይይዛል።

«ዛሬ አትጫወትም» ትለዋለች።

ልጁ የቡድኑ አጥቂ ነው፤ ከአልጋው ብድግ ይላል። «እህቴ ሙች፣ ዛሬ እኮ ነው የትልቁ ክለብ ሰዎች ሊያዩኝ የመጡት! ጠበቅ አድርገሽ ጠቅልይልኝና ልግባ። እስከ እረፍት ብቻ!»

«ጅማቱ ተጎድቷል። እንዲህ ሆነህ ከገባህ ይበጠሳል።»

አሰልጣኙ በሩን ተደግፎ ሰዓቱን ያያል። እሷ ለቡድኑ አዲስ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት፤ የሙከራ ጊዜዋን እንኳ አልጨረሰችም፤ እሱም ይህን ለማስታወስ መናገር አያስፈልገውም። «አባትሽ ቢሆን ይሄኔ አስሮ አስገብቶት ነበር» ይላል። «ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ ወጌሻ ነበር። አንቺ የወረቀት ነሽ።»

ከኮሪደሩ ኮቴ ይሰማል፤ አንዱ እግር ይረግጣል፣ አንዱ ይጎተታል። የሜዳው ዘበኛ ነው። ድሮ ለዚሁ ቡድን ሲጫወት፣ ሲሮጥ የሚደርስበት ባልነበረ ጊዜ መብረቅ ብለው አወጡለት፤ ስሙ አብሮት ቀረ። አንድ ቀን አባቷ ያመመውን ጉልበቱን ጠቅልሎ አስገባው፤ በቃሬዛ ወጣ። ያ ጉልበት ከዚያ ወዲህ ታጥፎ አያውቅም። ትንሽ ልጅ ሆና ከመስመሩ ዳር አይታዋለች።

ያ ኮቴ ያልተከተላት ቦታ የለም፤ ፈተና ላይ፣ እንቅልፏ ውስጥ፣ ይባስ ብሎ በአባቷ ቀብር ዕለት። አስራ ሁለተኛን ጨርሳ ፊዚዮቴራፒ ስትመርጥ እናቷ «ምነው ልጄ፣ ሌላ ትምህርት ጠፍቶ ነው?» ብላት ነበር።

«አይገባም» ትላለች።

«ከጨዋታው በኋላ እንነጋገራለን» ይላል አሰልጣኙ። የልጁን ትከሻ ይዞ አብሮት ይወጣል።

መብረቅ የበረዶውን ባልዲ ይዞ ይገባል። ለዓመታት ልትነግረው የፈለገችው ነገር አሁን በእጇ ነው፤ እንደ ሕፃን ትቸኩላለች።

«ሰማህ ጋሼ? እምቢ አልኩ!»

«ሰማሁ።» ባልዲውን ያስቀምጣል። «አባትሽም እምቢ ብሎኝ ነበር።»

ክው ትላለች።

«ማን ይነግርሻል? ወጣሁና ተመልሼ መጣሁ። እግሩ ላይ ወደቅኩበት፣ እናቴን አነሳሁበት፣ ምኑ ቅጡ። ያ ሰው ደግሞ ልመና መቋቋም አይችልም። እያለቀሰ ነው የጠቀለለልኝ።»

ይህን ሁሉ ዘመን አባቷን ግድ የለሽ አድርጋ ስትከስሰው ኖራለች። እንደ እሱ ላለመሆን መማር የሚበቃ መስሏት ነበር። እሷም እኮ ሆደ ቡቡ ናት፤ ሰው ሲያለቅስባት መቆሚያ ታጣለች።

ከኮሪደሩ ማዶ ታኬታ ሲንኳኳ ይሰማል። ብቻውን ነው፤ ቀስ ይላል። ልጁ እየተመለሰ ነው።

ጉልበት የሚጠቀለልበትን ፕላስተር ከጠረጴዛው ታነሳለች። ከመሳቢያው ታወጣለች፣ ከቦርሳዋ፣ ከኪሷ የቀረውንም ሳይቀር፤ ሁሉንም በመብረቅ እቅፍ ውስጥ ትከምረዋለች።

«ይዘህልኝ ሂድ፣ ጋሼ። ብለምንህም እንዳትሰጠኝ።»

መብረቅ ቀና ብሎ ያያታል፤ ከዚያ ፕላስተሩን አቅፎ ይወጣል።

በሩን ዘግታ ጀርባዋን ታስደግፋለች። አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ይጎተታል። ታኬታው ከወዲያ ይመጣል። መሃል ላይ ሲገናኙ የመብረቅ ኮቴ አይቋረጥም፤ ታኬታው ግን ቀጥ ይላል።