እንዳትቸኩል

ናሁሠናይ ጠዋቱን ሙሉ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶት ነበር። በባሕሩ ዳርቻ ካለው ማስወንጨፊያ ጣቢያ ግዙፉ የጭነት ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሞከር ነው። ሰው አልተሳፈረበትም። የናሁሠናይ ሥራ፣ ሮኬቱ መንገዱን ስቶ ወደ ሰው መኖሪያ ካቀና፣ ቁልፍ ተጭኖ አየር ላይ ማፈንዳት ነው። ሞተሮቹን የሠራችው፣ ወጣትነቷንም እነሱ ላይ የጨረሰችው ደግሞ ሚስቱ ውብርስት ናት።

ቁርስ ላይ፣ «እባክህ እንዳትቸኩል» ብላው ነበር። «ትንሽ ቢያዘነብልም ራሱን ያቃናል። ታገሠልኝ።»

«እሺ፣ እታገሣለሁ» አላት።

ሮኬቱ ምድሩን እያንቀጠቀጠ ተነሣ። የመቆጣጠሪያው አዳራሽ በጭብጨባ ተናጋ። ናሁሠናይ ግን አላጨበጨበም፤ ዓይኑን ከስክሪኑ፣ ጣቱን ከቁልፉ አልነቀለም። ሮኬቱ ደመናውን ሳያልፍ ሁለት ሞተሮች ጠፉ፤ ባሕሩንም ትቶ ቀስ እያለ በዳርቻው ወዳለችው የዓሣ አጥማጆች ከተማ ዞረ።

ጭብጨባው ተቋረጠ።

«ናሁሠናይ! ምን ትጠብቃለህ?» ብሎ አለቃው ጮኸበት።

«ይቃናል… ትንሽ ጊዜ ስጡት» አለ። ውብርስት ከኋላ፣ ከሞተር ባለሙያዎቹ ጋር ተቀምጣለች፤ ዞሮ ሊያያት አልደፈረም። ከተማዋ በስክሪኑ ላይ እየቀረበች መጣች። ጣቱ ግን አልታዘዝ አለው።

ድንገት በትከሻው በኩል አንድ እጅ መጣና ጣቱን ከነቁልፉ ወደ ታች ደፈቀው። ስክሪኑን እሳት ሞላው።

ናሁሠናይ ጣቱ ላይ የቀረውን እጅ አየው። እሱ ራሱ ያሰረላትን ቀለበት አድርጓል።