ምሥራቅ በግራ

አስተማሪዋ ከላይ ያለውን ወረቀት አነሳች፣ ቀጥሎ ያለውን አየች፣ ከዚያ ከመሐል አንዱን መዘዘች። በላስቲክ የተለበጠው ስድሳውም የሰማይ ካርታ ላይ ምሥራቅ በቀኝ፣ ምዕራብ በግራ ተጽፏል።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለች።

አታሚው ሽማግሌ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፈገግ አሉ። «አየሽው? ገልብጠሽው ነበር እኮ፣ ልጄ! ዝም ብዬ ሁለቱን ቃላት አስተካከልኩልሽ። ምስጋናው ይቅርብኝ።»

ደሟ ፈላ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰማይን ከሚያሳይ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጋር ስትታገል የከረመችው እሷ ናት። የትምህርት ቤቱ ግቢ የት እንደሆነ አስገብታ፣ ቀኑን አንድ በአንድ እያሳለፈች፣ ጨረቃ ቀድማ የምትጠልቅበትን፣ ሳተርን ከጣሪያዎቹ በላይ ከፍ የሚልበትን አንድ ምሽት አግኝታለች። ያ ምሽት ዛሬ ነው። አምና ወላጆች ተጠርተው ደመና ብቻ አይተው ሄዱ። ርዕሰ መምህሩም «ዘንድሮም እንዲሁ ከሆነ የኮከብ ክበብሽ ይዘጋል» ብለዋታል፤ ቀልዳቸውን አይደለም።

«የሰማይ ካርታ እንደዚያ ነው፣ ጋሼ! ምሥራቁ በግራ ነው የሚሆነው።»

«ሃያ ዓመት ካርታ አትሜአለሁ። ምሥራቅ ከቀኝ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።»

«የምድር ካርታ ቁልቁል ነው የሚታየው። ይሄ ሽቅብ ነው!»

«ሽቅብም ሆነ ቁልቁል፣ ፀሐይ በአንድ በኩል ነው የምትወጣው።»

ከግድግዳ ጋር ማውራት ሆነባት። ሆድ ይፍጀው ብላ እንዳትተወው ቀኑ እየሄደ ነው። ክንዳቸውን ይዛ ደጃፉ ላይ አወጣቻቸው፤ ፊታቸውን ወደ ደቡብ አዙራ ካርታውን ከአናታቸው በላይ አስያዘቻቸው። «እስቲ ቀና ይበሉ። ምሥራቅ የሚለው በየት በኩል ነው?»

ሽማግሌው አንጋጠጡ። በቀኝ ጠርዝ «ምሥራቅ» ይላል። በዚያው በቀኝ በኩል ፀሐይዋ ወደ ሕንፃዎቹ ጀርባ እያዘቀዘቀች ነው። ወረቀቱን አዩ፣ ፀሐይዋን አዩ፣ እንደገና ወረቀቱን አዩ። ቀስ ብለው ክንዳቸውን አወረዱ።

«ቶሎ ብለን እንደገና ብናትመውስ?» አለች።

«ወረቀቱን የምለብጥበት ላስቲክ አልቋል፤ ያለ እሱ ደግሞ የማታው ጤዛ ያበሰብሰዋል። ያለኝን በሙሉ ላንቺ ነው የጨረስኩት።»

ሌላ መላ አልነበረም። ሁለት ማርከር ይዘው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡና ስድሳውን መሰረዝ ጀመሩ፤ ምሥራቁን ምዕራብ፣ ምዕራቡን ምሥራቅ። ቀለሙ ላስቲኩ ላይ እየተንሸራተተ እጇን ያጠቁራል። ስድሳ ሲሉት ትንሽ ይመስላል። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ወላጆቹ እኮ ይሄኔ ከቤት እየወጡ ነው።

አጠገቧ ያለው ማርከር ቆመ። ሽማግሌው አገጫቸውን ይዘው ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ።

«ጋሼ፣ በእናትዎ! መሸብን እኮ!»

«ሌላም ሳልጠይቅ ያስተካከልኩት አለ» አሉ፤ ለሷ አይመስልም። ተነሥተው የትዕዛዝ መዝገቡን ገለጡ፣ ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉና ስልክ ደወሉ። ልትጮህባቸው አፏን ስትከፍት፣ በቀጭን ድምፅ ሲናገሩ ሰማቻቸው።

«ሄሎ፣ ከማተሚያ ቤቱ ነው። ያ የመታሰቢያ ወረቀት... ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እናትዎ እርስዎ እንደጻፉት እውነት መቶ ሦስት ዓመታቸው ነበር?»