የአባቴ ድምፅ

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የሙዚቃ አዳራሹን የዓመት ትኬት የሚያገኘው ከትዝታው የአንድ ሰው ድምፅ የሰጠ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ደጋግሞ ቢያናግርሽም ድምፁን አትለዪውም። መስከረም ላይ መዝጋቢዋ "የማንን ልውሰድ?" ስትለኝ፣ "የአባቴን" አልኳት። አባዬ ዝምተኛ ነው፤ ምን ይጎድልብኛል ብዬ።

ዓመቱን ሙሉ ጆሮዬን አጠገብኩት። አንድ ሳምንት የጥንት ሲምፎኒ፣ ሌላ ሳምንት ማሲንቆ ከፒያኖ ጋር፣ ሲያሻቸው ደግሞ በዚያው ሰሞን የተደረሰ አዲስ ሙዚቃ።

ትናንት ከሰዓት ዶፍ እየጣለ የግቢያችን በር ተንኳኳ።

"ማነው?" አልኩ ከውስጥ።

"እኔ ነኝ።"

የቤት ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚለው፤ ስሙን አይናገርም።

"እኔ ማን?"

"እኔ ነኝ፣ እኔ!"

"ስም የለህም እንዴ?" ብዬ ጮህኩበት። "ስምህን ካልተናገርክ አልከፍትም!"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆየ። ከዚያ ሰውየው ቢሮ እንደገባ ባለጉዳይ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ዘርጋው ደምሴ እባላለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "አባትሽ ነኝ።"