ያልጎደሉት ጄሪካኖች

ሐኪሙ የአሮጊቷን የአንጀት ምርመራ ሳያጋምስ አቋርጦ ልጃቸውን አስጠራው። «የእናትህ አንጀት አልጸዳም፤ ምንም አይታይም። የሚያስቀምጠውን መድኃኒት ጠጥተዋል?»

«ራሴ በጥብጬ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሰጥቻታለሁ» አለና ወደ አልጋው ዞረ። «እማዬ፣ ምን አድርገሽ ነው?»

«ጠጥቼው ነበር» አለች ነጠላዋን ፊቷ ላይ እየሳበች። «ኋላ ግን ራበኝና ቂጣ በላሁበት።»

ሁዳዴን ሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሴት ናት። ልጇ ግን ይህን አላሰበም፤ የታየው ሐኪሙ ፊት ማፈሩ ብቻ ነው። «በዚህ ዕድሜሽ አንድ ቀን ሆድሽን መቻል አቃተሽ? ይኸው ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አላት።

ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ሲደርሱ በሩን የከፈተችላቸው ሚስቱ ትርሲት ናት፤ መውለጃዋ ደርሷል። «እማማ፣ ይግቡ። ከትናንት ጀምሮ እህል የሚባል አልቀመሱም፤ ቶሎ ምሳ ላቅርብ» አለች።

እሱ ፊቱን ሊታጠብ መታጠቢያ ቤት ገባ። የቧንቧ ውኃ ከጠፋ ሰንብቷል። ትርሲት ትናንት ከታች ቀድታ ያወጣቻቸው ጄሪካኖች እስከ አፋቸው እንደሞሉ ተደርድረዋል። ከኋላቸው የመድኃኒቱ ጠርሙስ ቆሟል፤ እሱም ሙሉ ነው።

እናቱ ከገጠር የመጣች ዕለት እዚሁ በር ላይ የነገራት ትዝ አለው። «እማዬ፣ ሽንት ቤት በገባሽ ቁጥር አንድ ጄሪካን ነው የሚሄደው። ተሸክማ የምታወጣው ትርሲት ናት፤ አደራሽን።»