አዲስ የተከፈተ ቤት

በዚህ ሁሉ ከተማ ውስጥ ከእጮኛዬ ጋር ለብቻችን የምንቀመጥበት አንድ ካፌ እንዴት ይጠፋል? ከውጭ ተምሬ ስመለስ ቤተሰብ ያጨልኝን ሶስናን ማግባት እንደማልፈልግ በግንባር ልነግራት ነበር። ነገር ግን በሄድንበት አዲስ ቤት ሁሉ አንድ ዘመዷ ብቅ ይልና "ሙሽሮቹ!" ብሎ ሒሳባችንን ይከፍላል።

አንድ ቀን ከከተማው ዳር፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ ሬስቶራንት አገኘሁ።

"ሶስና፣ ስሚኝ..." ስል አስተናጋጇ መጣች።

"ሒሳባችሁ ተከፍሏል።"

አጎቷ ከኋላዬ ትከሻዬን ያዙኝ። "አንተ ፈረንጅ! ይኼን ደግሞ ከየት አገኘኸው? ሶሲ ባትደውልልኝ እኮ ጠፍታችሁብኝ ነበር!"

ሶስና አቀርቅራ ማኪያቶዋን ታማስላለች።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ "ልነግርሽ የፈለግኩትን ታውቂዋለሽ፣ አይደል?" ብዬ ጻፍኩላት። ወዲያው አነበበችው። መልሷን እስከ ሠርጋችን ዋዜማ ጠበቅሁ።