ረፋድ ላይ የሚጠፋው ኔትወርክ

ላፕቶፕ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ኢየሩሳሌም፣ የኢትዮጵያ መንገድ ላይ፣ ከኪዳነ ምሕረት ወረድ ብሎ ለሚገኝ አንድ የጎልማሶች ትምህርት ቤት አርባ ላፕቶፕ በስጦታ መጣለት። ሰጪዎቹ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ሐሙስ መጥተው ሲያዩ አርባውም ያለ ሽቦ ባንድ ጊዜ መሥራት አለባቸው። አለዚያ ይዘዋቸው ይመለሳሉ።

ኔትወርኩን የሚዘረጋው ሮቤል ተወልዶ ያደገው እዚያው ስለሆነ አማርኛው አልፎ አልፎ ይደናቀፋል። ክፍል ለክፍል እየዞረ ለካ።

«ግድግዳው የድሮ ድንጋይ ነው፣ ሞገድ አያሳልፍም» አለ። «አንድ ማሰራጫ ለአርባ ሰው አይበቃም። ሦስት እንሰቅላለን፤ እንዳይረባበሹ እያንዳንዱ በየራሱ መስመር። በሴደር?»

«እሺ፣ በሴደር» አለች የቢሮ ኃላፊዋ ልቅናሽ።

ዘበኛው ጋሽ ማለደ ግን ነገሩ አልተዋጠላቸውም።

«ይኼ ሞገድ የምትሉት በራሴ ላይ ሲያልፍ ይሰማኛል።»

«ጋሼ፣ ገና አልሰካሁትም እኮ» አለ ሮቤል።

«እንግዲያው ሲሰካ ልሞት ነዋ!»

ሰኞ ተሰካ፤ ሠራ። ረፋድ ላይ ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ በራሱ ጊዜ ተመለሰ። ማክሰኞም እንዲሁ።

ልቅናሽ ከጓሮ በኩል መጣች። ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አድርጋ፣ «ደግሞ ጠፋ?» አለች።

«ደግሞ!» አለ ሮቤል። «ዕቅዱ ልክ ነው። ሰው እየነካው ነው።»

ተማሪዎቹ ሁሉ ዞር አሉ። ጋሽ ማለደ መጥረጊያቸውን ይዘው ሦስተኛው ማሰራጫ ሥር ቆመው ነበር።

የትምህርት ቤቱ የበላይ ኃላፊ ቄስ ገብረመስቀል ተጠሩ። «ይህን የሚያደርገው ሰው ሲገኝ ከዚህ ግቢ ይወጣል» አሉ።

ጋሽ ማለደ በር አጠገብ ካለችው ከዚያች ክፍል በቀር ቤት እንደሌላቸው ሁሉም ያውቃል።

«አባ፣ ሽማግሌ ናቸው እኮ» አለች ልቅናሽ።

«ሽማግሌ ነው። እጅ ግን አለው።»

ረቡዕ ሮቤል እያንዳንዱን ማሰራጫ የሚጠብቅ ሰው አቆመ። ማንም አልቀረበም። ረፋድ ላይ ግን ጠፋ። ሮቤል ላፕቶፑን ታቅፎ፣ ረብሻው የሚበረታበትን አቅጣጫ እየተከተለ ጓሮ ወዳለው ወጥ ቤት ደረሰ። ውስጥ ሰው የለም። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ላይ ግራ መጋባት ነበር።

«ሽቦ የነካ የለም። ሚክሮጋሉ ነው፣ ምግብ ማሞቂያው። እሱ ሲሠራ የኛን ሞገድ ያውካል። አሁንም ትኩስ ነው።»

ወቅቱ ሁዳዴ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ የሚያሞቅ ሰው ሊኖር አይገባም። ልቅናሽ ራሷ በዚህ ጉዳይ ስንቱን ተማሪ ገሥጻለች።

«ማነው?» አሉ ቄሱ።

ልቅናሽ ወለሉን ታይ ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ማለደ።

«ጾም ገደፍክ? ይህ ሁሉ ሰው ሲታመስ እያየህስ ዝም አልክ?»

«ሆድ ነው፣ አባ።»

«እንግዲያው ሆድህን ይዘህ ውጣ!»

ጋሽ ማለደ ጓዛቸውን ቋጠሩ። ቃታሞኒም ሰፈር የምትኖር የእኅታቸው ልጅ ወለሏ ላይ ልታስተኛቸው እሺ ብላለች። የወጥ ቤቱን ቁልፍ ለልቅናሽ አስረከቡ።

«ሰውነትሽን ጠብቂ፣ ልጄ» አሏት።

ልቅናሽ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። እስከ በሩ የሸኛቸው ሮቤል ነው።

ሐሙስ እንግዶቹ መጡ። አርባው ላፕቶፕ ባንድ ጊዜ ተከፈተ። ረፋዱ አለፈ፤ ኔትወርኩ ንቅንቅ አላለም። ለሮቤል ተጨበጨበለት። ቄስ ገብረመስቀል ወደ ተማሪዎቹ ዞረው፣ «አያችሁ?» አሉ።

ያን ረፋድ ልቅናሽ ወጥ ቤቱን ከውስጥ ቆልፋ ሽሮዋን ሳታሞቅ በላች።