የዶኛ ኦቲሊያ ለብ ያለ ወተት

ጥሬ ወተት መሸጥ ከተከለከለ ወዲህ በሳንታ ብሪሂዳ ከተማ ጥሬ ወተት መጠጣት የክብር ጉዳይ ሆነ።

ከእገዳው በፊት ሰው ሁሉ ወተቱን አፍልቶ ይጠጣ ነበር። ከእገዳው በኋላ ማፍላት ለመንግሥት እጅ እንደ መስጠት ተቆጠረ። እውነተኛ ወተት ከላሚቱ ጡት እንደ ወረደ ለብ ያለ፣ አረፋው ከንፈር ላይ የሚቀር ነው ተባለ። ለብ ካለና አረፋ ካለው ሌላ ማስረጃ የሚጠይቅ አልነበረም። በፋብሪካ ፈልቶ የታሸገው የሱቁ የላስቲክ ወተት ደግሞ ለድመት ነው።

ያንን ወተት ጎህ ሲቀድ በጓሮ በር የሚሸጡት ዶኛ ኦቲሊያ የተባሉ ባልቴት ነበሩ። ቢራቢሮ የምትባል አንዲት ላም አለቻቸው። ከአጥሩ በላይ ቀንዷና ጀርባዋ ይታያል። ጎረምሶች "ከከንቲባው ትበልጣለች" እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ወደ ጋጣው ግን ማንም አይገባም።

"እንግዳ ካየች ወተቷን ትይዛለች" ይላሉ ዶኛ ኦቲሊያ።

ገዢዎች ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ትኩስ ቸኮሌት እየመቱ አረፋ ከሚያወጡበት፣ ውሃው ገና ከሚንጠባጠብ የተሰቀለ እንጨት ሥር ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ዋጋው ከሱቁ እጥፍ ነው። የሚከራከር የለም።

የጤና ተቆጣጣሪው ዶክተር ፋብሪሲዮ ይባላል። ሐኪም አልነበረም፤ እኛ ዘንድ ክራባት ያሰረ ሁሉ ዶክተር ነው። ሥራውን ከልቡ የሚወድ ወጣት ነበር፤ ለዚህም ማንም አልወደደውም። ከባለሱቁ ከዶን ኔፍታሊ በቀር የሚያጽናናው አልነበረም።

"ከእገዳው ወዲህ የላስቲክ ወተት አልበቃኝ ብሏል፣ ዶክተር" አለው ዶን ኔፍታሊ።

"ሰዉ እየገባው ነዋ! ግን እስካሁን 'የላስቲክ ወተት እጠጣለሁ' ያለኝ አንድ ሰው የለም።"

"ያፍራሉ።"

"ዶኛ ኦቲሊያ ገበያዎን እየተሻሙ ዝም ይላሉ? ለምን አይከሱም?"

"የልጄ ክርስትና እናት ናቸው" አለ ዶን ኔፍታሊ፤ ሚዛኑንም መወልወል ያዘ።

ተቆጣጣሪውን እንቅልፍ የነሳችው መምህርት ማሪሴላ ናት። ሁለት ጊዜ ፅንስ ጨንግፎባታል፤ ሦስተኛው ሆዷ ገፍቷል። አማቷ ግን በየማለዳው የዶኛ ኦቲሊያን ወተት በኩባያ ታጠጣታለች። "የላስቲክ ወተት የጠጣች የላስቲክ ልጅ ነው የምትወልደው" ትላለች። ጥሬ ወተት ፅንስ የሚያስወርድ በሽታ ሊይዝ እንደሚችል ተቆጣጣሪው ሲነግራት፣ "አንተን እናትህ ምን ጠጥታ ነው እንዲህ ያመነመነችህ?" ብላ በሩን ዘጋችበት።

ስለዚህ አንድ ጥፍጥፍ ቸኮሌት ይዞ ዶኛ ኦቲሊያ ዘንድ ሄደ።

"ውሰደው ልጄ፤ ሐሞቴን ያነሳብኛል። ቸኮሌት ከዚህ ቤት ከጠፋ ስንት ዘመኑ!"

"ዶኛ ኦቲሊያ፣ ለሌላው ይሽጡ፤ አላየሁም እላለሁ። ለማሪሴላ ብቻ አይስጧት። ይህ ልጅ ከሞተባት ትሞታለች።"

ሴትዮዋ ቸኮሌቱን ወደ እሱ ገፉት። "የእኔ ወተት ያንን ልጅ አይጎዳውም።"

"በምን ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ።"

ተቆጣጣሪው እንዲህ ያለ ድንጋይ ልብ አይቶ አያውቅም። ሲወጣ ከጓሮው ጥቁር ጭስ ይወጣ ነበር። ዶኛ ኦቲሊያ ያረጀ የመኖ ከረጢት ነው የማቃጥለው አሉት።

በሳምንቱ ማሪሴላን ትኩሳት ጣላት። ወደ ሆስፒታል ተወሰደች። በማግስቱ ተቆጣጣሪው ጢሙ ላይ አረፋ ያልደረቀለትን ሳጅን አስከትሎ የዶኛ ኦቲሊያን የወተት ገንቦ ያዘ፤ አደባባይ ላይም ጠረጴዛ አስወጣ።

"ይህ ሰማያዊ ቀለም ነው" አለ፣ ከወተቱ ቀድቶ ብልቃጥ ውስጥ እያንጠባጠበ። "ወተቱ ተሕዋስያን ከሞሉት ቀለሙ ይጠፋል። ከጠፋ ገንቦውም ላሚቱም ይወረሳሉ።"

ዶኛ ኦቲሊያ ፊታቸው አመድ መሰለ። ጠጋ ብለው ክንዱን ያዙት። "ልጄ፣ ቅጣኝ። እሰረኝ። ግን ወተቴን ሰው ፊት አትመርምርብኝ።"

"ማሪሴላን ባሰቡ ነበር" አለ ተቆጣጣሪው።

ብልቃጡ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ተነከረ። ሰዉ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ፤ አሬፓ የሚባለውን የበቆሎ ቂጣ የሚሸጡትም መጡ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፣ አዘነበለች። ሰማያዊው ሰማያዊ እንደሆነ ቆየ።

"ኧረ እንደ እመቤታችን መጎናጸፊያ ነው!" አለች አንዲት ሴት።

"ዶክተር፣ ከእርስዎ ክራባት ይልቅ ንጹሕ ነው!" አለ ሳጅኑ።

አመሻሽ ላይ ከሆስፒታል ተደወለ። የማሪሴላ ትኩሳት ከመንጋጋ ጥርሷ ነበር፤ ደሟም ፅንሱም ደህና ነው። ከንቲባው ወንበር ላይ ወጥቶ የጥሬ ወተት ንጽሕና በሳይንስ መረጋገጡን አወጀ። ዶኛ ኦቲሊያ አለቀሱ፤ ሰዉ ከደስታ መሰለው።

ተቆጣጣሪው ሁለት ሌሊት የምርመራ መመሪያውን ሲያገላብጥ አደረ። በሦስተኛው ማለዳ ክራባቱን ፈትቶ በጓሮው በር ቆመ።

"ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።"

ዶኛ ኦቲሊያ አላናገሩትም፤ አንድ ኩባያ ሞልተው ሰጡት። ለብ ያለ ነው፤ አረፋው እስከ አፉ። አንዴ ተጎነጨ። ዓይኑን ጨፈነ።

"ሣሩ ይሸታል!" አለ። "አሁን ገባኝ። የላስቲኩ እንዲህ ሊሆን አይችልም።"

"እንዴት ብሎ፣ ልጄ" አሉ ዶኛ ኦቲሊያ።

እሱ ከሄደ በኋላ የጓሮውን በር ቀረቀሩ፤ ለቀሩት ገዢዎች ድስቱን ምድጃው ላይ ጣዱና፣ ከዶን ኔፍታሊ ሱቅ የመጣውን የመጀመሪያውን የላስቲክ ወተት ጥግ በመቀስ ቆረጡ።